ከስኮትላንድ የተሰደዱ ቅድመ አያቶችን በድሮ የአጥቢያ መዝገብ መፈለግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቶሮንቶ ወይም ሜልበርን የተወለደ ልጅ «የቤተሰብህን የዘር ሐረግ ሠርተህ አምጣ» ተብሎ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የኢትዮጵያው ወገን ብዙም አያስቸግርም። አያት ጋ ይደወላል፣ ትውልዱ ይቆጠራል። በሌላው ወገን ግን በእጅ ያለው «የእኛ ሰዎች ከስኮትላንድ ነው የመጡት» የሚል አንድ ወሬ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ገጽ የተዘጋጀው በትዳር ወይም በትውልድ ከእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ጋር ለተሳሰሩ አንባቢዎች ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የድሮ የአጥቢያ መዝገብ የሚባለው ምንድን ነው?

በስኮትላንድ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። የየአጥቢያው ጸሐፊ ክርስትና የተነሡ ሕፃናትን፣ የጋብቻ ማስታወቂያዎችን፣ አልፎ አልፎም ቀብሮችን በደብተር ያሰፍር ነበር። ከ900 በላይ የሆኑ አጥቢያዎች ወደ 3,500 ጥራዝ ትተውልናል። ዛሬ የሚጠበቁት ኤድንብራ በሚገኘው የስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ነው።

በዕድሜ አንጋፋው በፐርዝሻየር ያለው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ ነው፤ ከ1553 ይጀምራል። ይህን ሰምታችሁ የሁሉም አጥቢያ እስከዚያ ይወስደኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ሃይላንድስ በሚባለው ተራራማ ክፍል ሰሜን ምዕራብና በምዕራብ ደሴቶች ብዙዎቹ መዝገቦች የሚጀምሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። ሰዉ በገፍ የተሰደደው ደግሞ ከእነዚሁ አካባቢዎች ነው። ፍለጋውን ከባድ የሚያደርገው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ከየት ልጀምር? በቀጥታ ስኮትላንድ ልግባ?

አይሆንም። ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። «ጆን ሚለር፣ ስኮትላንድ» ብሎ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ጆን ሚለር በየአጥቢያው ሞልቷል። መነሻችሁ ሰውዬው የኖረበትና የሞተበት አገር ይሁን። ከዚያ ይዛችሁ መውጣት ያለባችሁ ነገር የተወለደበት አጥቢያ ስም ነው። የእናትና የአባቱን ስም ካከላችሁበት ደግሞ ሥራው ተጋመሰ ማለት ነው።

አውስትራሊያ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። የቪክቶሪያ ግዛት ከ1853፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1856 ጀምሮ የሚሰጡት የሞት ምስክር ወረቀት በጣም ዝርዝር ነው። የትውልድ ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ የእናት የልጅነት የአባት ስም፣ በቅኝ ግዛቱ የኖረበት ዓመት፣ ጋብቻና ልጆች ሁሉ እንዲሰፍሩበት ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። መረጃውን የሰጠው ሰው ካላወቀ ግን ክፍት ሊቀር ይችላል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በዚህ በኩል ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ስኮትላንድ» ብሎ ያልፋል። እዚያ የሚያዋጣው የመቃብር ድንጋይ፣ የድሮ ጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ የፊት ገጽና የሄዱበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ በድሮ መቃብሮች ላይ የሟቹ የትውልድ አጥቢያ በስም ተቀርጾ ማግኘት የተለመደ ነው።

የቀጥታ አያታችሁ ወረቀት ባዶ ከሆነ የወንድሙን ወይም የእህቱን አውጡ። ተመሳሳይ ወላጅ ነው ያላቸው። የአንዱ ልጅ ዝምታ በሌላው ልጅ ወረቀት ሊፈታ ይችላል።

መዝገቡ መሰደዳቸውን ይነግረኛል?

በአብዛኛው አይነግራችሁም። የክርስትና መዝገብ ልጁ መወለዱን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ስደተኛውን የምታገኙት ከሆነ ዓመት ወዲህ ስሙ ከአጥቢያው በመጥፋቱ ነው። አራት ልጆች በተከታታይ ክርስትና ይነሣሉ፣ ከዚያ አምስተኛው የለም። የቤተሰቡ አሻራ ያበቃበት ዓመት የመርከቡን ዓመት ይጠቁማል።

የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝርስ? ከብሪታንያ የወጡ ሰዎች ዝርዝር በተሟላ መልኩ የተጠበቀው ከ1890 ወዲህ ያለው ነው። ከዚያ በፊት ያለው የተቆራረጠ ነው። ሆኖም ሊታለፉ የማይገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የስደተኛው ብዛት መንግሥትን አስደንግጦት በ1774 እና 1775 ያስመዘገበው ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ከ1852 እስከ 1857 የሠራው የሃይላንድስና የደሴቶች የስደት ማኅበር መዝገብ ነው። ይህ ማኅበር ወደ 5,000 የሚጠጉ ድሆችን አውስትራሊያ አሻግሯል፤ መዝገቡ ቤተሰቦቹን በስም፣ በዕድሜና በመኖሪያ ቦታ ይዘረዝራል። ወገኖቻችሁ በእነዚያ ዓመታት ከስካይ ደሴት ወደ አውስትራሊያ ከሄዱ መጀመሪያ እዚህ እዩ።

ለምን እንደተሰደዱ ማወቅ ለፍለጋው ይጠቅማል?

በጣም። ሰው ብቻውን አይሰደድም። ጎረቤት ጎረቤትን ይስባል፣ ካህን ምእመኑን ይዞ ይሄዳል፣ ባለርስት መንደር ሙሉ ሰው ነቅሎ መርከብ ላይ ይጭናል።

በ1739 ከአርጋይል የተነሡ ቤተሰቦች ሰሜን ካሮላይና፣ ኬፕ ፊር ሸለቆ ሰፈሩ። በ1773 ሄክተር የተባለችው መርከብ ከሎክ ብሩም ወጥታ ፒክቱ፣ ኖቫ ስኮሺያ ደረሰች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሳዘርላንድ ባለርስቶቹ ገበሬውን አፈናቅለው መሬቱን ለበግ እርባታ አደረጉት። በ1846 የድንች በሽታ ሃይላንድስን አስራበ። ኒው ዚላንድ ያለችው ደኒደን በ1848 የተመሠረተችው ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ተገንጥሎ የወጣው የነጻ ቤተ ክርስቲያን ባሰባሰባቸው ሰፋሪዎች ነው።

ይህን የምዘረዝረው ለታሪክ ትምህርት አይደለም። ፒክቱ የተቀበረ አያት ካላችሁና አጥቢያው ካልታወቀ፣ ጎረቤቶቹን፣ የጋብቻ ምስክሮቹንና አጠገቡ የተቀበሩትን ፈልጉ። የእነሱ የትውልድ አጥቢያ የእሱም የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

መዝገቦቹን የት ማየት እችላለሁ? ይከፈላል?

ዋናው ቦታ ስኮትላንድስ ፒፕል የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። የአጥቢያ መዝገቦችን ማውጫ በነጻ መፈለግ ይቻላል፤ መመዝገብ ብቻ ነው የሚፈልገው። የዋናውን ገጽ ፎቶ ለማየት ግን አነስተኛ ክፍያ አለ። የካቶሊክና ከዋናው ቤተ ክርስቲያን የተገነጠሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት መዝገቦችም እዚያው አሉ። ፋሚሊ ሰርች የተባለው ነጻ ድረ ገጽም የብዙውን መዝገብ ማውጫ ይዟል።

ምክሬ ይህ ነው፦ በማውጫ ብቻ አትርኩ፤ ገጹን ራሱን ግዙና አንብቡ። በማውጫው የሚገባው ስም፣ ቀንና አጥቢያ ነው። ሙያው፣ የመንደሩ ስምና ምስክሮቹ ያሉት ገጹ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሌሎች ሰዎች የሠሩትን የዘር ሐረግ ደግሞ ለፍንጭ ብቻ ተጠቀሙበት። አንዱ ያለማስረጃ ያስገባውን ሌላው ሃምሳ ጊዜ ይገለብጠዋል፤ ስለበዛ እውነት አይሆንም።

አንድ የክርስትና ግቤት ምን ይመስላል?

ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም የምታድለው ቅጽ አልነበረም። ስለዚህ ይዘቱ በጸሐፊው ትጋት ይወሰናል። ለማሳያ ያህል በዘመኑ አጻጻፍ ያዘጋጀሁትን አንድ ግቤት እንይ፦

«ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809። በሚልተን ነዋሪ የሆነው ሸማኔ ጄምስ ሚለርና ሚስቱ ጃኔት ስኮት በዚህ ወር 5 ቀን የተወለደውንና ጆን የተባለውን ሕጋዊ ልጃቸውን ክርስትና አስነሡ። ምስክሮች ሮበርት ስኮትና ዊሊያም ሚለር።»

አጭር ናት፤ ግን ስንት ነገር ይዛለች! የተወለደበትና ክርስትና የተነሣበት ቀን ተለይቷል። የአባትየው ሙያ ታውቋል፤ በአጥቢያው ሌላ ጄምስ ሚለር ቢኖርና ገበሬ ቢሆን በዚህ እንለየዋለን። ሚልተን የመንደር ስም ነው፤ በኋላ በሕዝብ ቆጠራ ላይ ያንኑ ቤተሰብ ለመለየት ይረዳል። እናትየዋ በራሷ ቤተሰብ ስም ተጠርታለች። ምስክሮቹን ተመልከቱ፦ አንዱ ስኮት፣ አንዱ ሚለር። አያቶች ወይም አጎቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። እርግጠኛ መሆን ባይቻልም ቀጣዩ ትውልድ የሚፈለገው ከእነሱ ነው።

ሰነፍ ጸሐፊ የገጠመው አጥቢያ ደግሞ «ጄምስ ሚለር ልጅ ክርስትና አስነሣ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የእናት ስም የለም፤ አንዳንዴ የልጁም ስም የለም።

በአንድ አጥቢያ ሦስት ጆን ሚለር አገኘሁ። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ የተሰደደው የእኔው የትኛው ነው?

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው። ትዕግሥት የሚፈልገውም እዚህ ነው።

ብዙ ሰው ዕድሜው የቀረበውን ያነሣና ይሄዳል። ዕድሜ ግን አያስተማምንም። ስደተኞች ዕድሜያቸውን በግምት ይናገሩ ነበር። በ1841ዱ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት እየተጠጋጋ እንዲጻፍ ነበር መመሪያው። 39 ዓመት የሆነው ሰው 35 ተብሎ ሊገኝ ይችላል።

የሚሻለው ማጥራት ነው። ሦስቱንም ጆኖች በወረቀት ጻፉና የእያንዳንዱን ዕጣ ፈልጉ። አንደኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ወላጆቹ ሌላ ልጅ ጆን ብለው ክርስትና አስነሥተው ከሆነ የመጀመሪያው በሕፃንነቱ ሳይሞት አልቀረም፤ የሟች ልጅን ስም ለቀጣዩ መስጠት የተለመደ ነበር። ሁለተኛው በ1851ዱ ቆጠራ እዚያው መንደር ከሚስቱ ጋር ከተገኘ፣ የእናንተ ሰው በዚያ ዓመት ኦንታሪዮ ነበርና እሱ አይደለም። የ1851ዱ ቆጠራ የትውልድ አጥቢያን ስለሚጽፍ ለዚህ ይመቻል። ከ1855 በኋላ ስኮትላንድ ውስጥ የሞተ ሰው ደግሞ በሞት መዝገቡ ላይ የሁለቱም ወላጆቹ ስም ስለሚሰፍር በቀላሉ ይለያል።

ሦስተኛው ብቻውን ከቀረ፣ እሱ ጥሩ እጩ ነው። ተረጋግጧል ግን አትበሉ። ሳይመዘገብ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ግላስጎ ገብቶ ቀርቶ ይሆናል።

አሁን የስም አወጣጥ ልማዱን አምጡ። በስኮትላንድ ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ወንድ ልጁን በአባት አባት፣ ሁለተኛውን በእናት አባት፣ ሦስተኛውን በራሱ በአባትየው ስም ይጠራ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናት እናት፣ ሁለተኛዋ በአባት እናት፣ ሦስተኛዋ በእናቷ ስም ትጠራለች። ኦንታሪዮ ያለው ጆን የመጀመሪያ ልጁን ጄምስ፣ ሁለተኛ ሴት ልጁን ጃኔት ብሎ ከሆነ ከላይ ካየናቸው ከጄምስ ሚለርና ከጃኔት ስኮት ጋር ይገጥማል። ልማድ እንጂ ሕግ ስላልነበር ብቻውን አይበቃም። ከማጥራቱ ጋር ሲደመር ግን ጉልበት አለው።

የአባት ስም በየትውልዱ ይቀያየራል። ተሳስቻለሁ?

ቦታው ሼትላንድ ደሴቶች ከሆነ ላትሳሳቱ ትችላላችሁ። እዚያ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙ ሰው የሚጠራው ልክ እንደ እኛ በአባቱ ስም ነበር። የማግነስ ልጅ ማግነሰን ይባላል፤ የእሱ ልጅ ደግሞ በእሱ ስም ይጠራል። የቋሚ ቤተሰብ ስም አሠራር ለለመደ ሰው ግራ ያጋባል፤ ለሐበሻ አንባቢ ግን ወዲያው ይገባዋል።

በሃይላንድስ ያለው ችግር ሌላ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ በጌይሊክ ቋንቋ በአባትና በአያት ስም ይጠራራሉ፤ ጸሐፊው ግን የጎሳውን ስም ይጽፋል። በዚህ የተነሣ አንድ አጥቢያ በዶናልድ ማክላውድ ይሞላል። የሚለያቸው የመንደራቸው ስም ብቻ ነው።

የስም አጻጻፍም ይለዋወጣል። «ማክ» በሙሉ ወይም ባጭሩ ይጻፋል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። ዶናልድ ባሕር ሲሻገር ዳንኤል ይሆናል። ፓትሪክና ፒተር፣ ጄንና ጂን፣ ኤልስፔትና ኤልዛቤት አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ አትታሰሩ።

የሴት አያቶችስ? ካገቡ በኋላ ስማቸው አይጠፋም?

ስኮትላንድ በዚህ ታስደስታለች። ያገባች ሴት በመዝገብ ላይ የአባቷን ቤት ስም እንደያዘች ትቀጥላለች። በክርስትና መዝገብ፣ በሞት መዝገብ፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ ሳይቀር በዚያው ስም ትገኛለች። ፍለጋው ከተደናቀፈ በአባት በኩል ትቶ በእናት በኩል መሞከር ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ በተለይ የእሷ ስም ብዙ ያልተለመደ ከሆነ።

አጥቢያውን አውቃለሁ፤ መዝገብ ላይ ግን የሉም። ለምን?

ሁሉም ሰው ልጁን አላስመዘገበም። ለጸሐፊው ይከፈል ነበር፤ ድሃ ደግሞ ለዳቦ ነው የሚያስበው። በ1783 መንግሥት በእያንዳንዱ ግቤት ላይ 3 ፔኒ ቀረጥ ጣለ። እስከተነሣበት እስከ 1794 ድረስ ብዙ ቤተሰብ መመዝገብ አቆመ። የምትፈልጉት ሰው በእነዚያ 11 ዓመታት ውስጥ ከተወለደ ክፍተቱ አያስገርማችሁ።

ሌላው ምክንያት ሃይማኖት ነው። ከ1733 ጀምሮ ተከታታይ መገንጠል ነበር። ትልቁ በ1843 የተከሰተው ነው፤ ከአገልጋዮቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወጥተው የነጻ ቤተ ክርስቲያንን አቋቋሙ። ካቶሊኮችና ኤጲስቆጶሳውያንም የራሳቸው መዝገብ ነበራቸው። ወገኖቻችሁ ከባራ ወይም ከደቡብ ዩስት ደሴት ከሆኑ በመጀመሪያ የካቶሊኩን እዩ።

የቀብር መዝገብን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ሬሳ የሚሸፈንበት የአጥቢያው ጨርቅ ይከራይ ነበርና አንዳንዴ የሚገኘው የኪራዩ ሒሳብ ብቻ ነው። ስም፣ ቀን፣ ገንዘብ።

አያቴ ከጋብቻ ውጭ እንደተወለደ ተጽፏል። አባቱን ማግኘት ይቻላል?

ይቻል ይሆናል። ኪርክ ሴሽን የሚባለው የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጉባኤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይመረምር ነበር። ያላገባች ሴት ስታረግዝ ትጠራና አባቱን እንድትናገር ትጠየቃለች። ሰውየውም ይጠራል፤ ያምናል ወይም ይክዳል። ከዚያ በምእመናን ፊት ንስሐ እንዲገቡ ይደረጋል። ለሴቶቹ የከበደ ውርደት ነበር፤ ቃለ ጉባኤውን ስታነቡ ያማችኋል። ያ ቃለ ጉባኤ ግን ሌላ ቦታ የሌለ የአባት ስም ሊይዝ ይችላል።

እነዚህ ቃለ ጉባኤዎች ከ2021 ጀምሮ ስኮትላንድስ ፒፕል ላይ በነጻ ይታያሉ። የስም ማውጫ ስለሌላቸው ልጁ ከተወለደበት ቀን ጥቂት ወራት ወደ ኋላ ሄዳችሁ ገጽ በገጽ ማገላበጥ አለባችሁ። እዚያው ላይ ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ለሚሄድ ሰው ስለሚሰጥ የመልካም ምግባር ምስክር ወረቀትም ታገኛላችሁ። ከመሰደድ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት የወሰደ ቤተሰብ ካጋጠማችሁ ትልቅ ግኝት ነው።

ቤተሰባችን ከጃማይካ ነው፤ ስማችን ካምቤል ነው። ስኮትላንድ ልፈልግ?

ይህ ጥያቄ ሻሸመኔ ከሰፈሩ የጃማይካ ቤተሰቦችም ሊመጣ የሚችል ነው። ጃማይካ ውስጥ ካምቤል፣ ጎርደን፣ ግራሃም የመሰሉ ስሞች በብዛት አሉ። ብዙ ስኮትላንዳውያን እዚያ የሸንኮራ እርሻ ባለቤት፣ አስተዳዳሪና ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ስለዚህ ስሙ የሥጋ ዝምድና ሊሆን ይችላል። ግን በባርነት የተያዘ ሰው በእርሻው ባለቤት ወይም በሌላ ሰው ስም ተጠርቶም ሊሆን ይችላል። ስሙ ብቻውን አይለየውም።

መነሻችሁ ጃማይካ ይሁን። የደሴቲቱ አጥቢያዎች የክርስትና መዝገብና ከ1817 ጀምሮ በባርነት የተያዙ ሰዎች የተዘረዘሩበት መዝገብ አሉ። አባት ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የዘረመል ምርመራ እዚህ ላይ ከወረቀት የበለጠ ሊናገር ይችላል። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ በስኮትላንድ አጥቢያ ስላልተጻፈ ያነሰ ታሪክ አይደለም፤ የሚፈለገው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ከ1855 በኋላ የተሰደዱትስ?

ቀላል ናቸው። የመንግሥቱ መዝገብ የተሟላ ነው። በተለይ የ1855 መዝገብ ራሱ ልዩ ነው፤ የልደት ቅጹ የወላጆችን ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና የቀደሙ ልጆችን ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። ሥራው ስለከበደ በ1856 ቀነሱት። አያታችሁ ቀድሞ ቢሰደድም እዚያ የቀረ ወንድሙ በ1855 ልጅ ወልዶ ወይም ሞቶ ከሆነ ያንን ገጽ ሳታዩ አትለፉ።

ስንት ትውልድ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል?

ተራ ገበሬ ወይም ሸማኔ ከሆኑ፣ በደቡቡና በምሥራቁ ቆላማ ክፍል መዝገቡ ከተረፈ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መድረስ ይቻላል። በሃይላንድስ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከደረሳችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። መሬት የነበራቸው ከሆኑ ከ1617 ጀምሮ የተያዘው የመሬት ዝውውር መዝገብ የበለጠ ይወስዳችኋል። እስከ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ድረስ የተዘረጋ የዘር ሐረግ ኢንተርኔት ላይ ካገኛችሁ እያንዳንዱ አባትና ልጅ በየትኛው አጥቢያ፣ በየትኛው ገጽ እንደተገናኙ ጠይቁ። መልስ የሌለው ትውልድ ላይ ስትደርሱ የእናንተ ሐረግ እዚያ ያበቃል።